ኬላ ላይ የቀለጠው የገብስ ዛላ

የቡራዩው ብር አንጥረኛ ኦቦ ቦጂያ ሰባት ተማሪ አስተምረው ሰባቱም ጥለዋቸው ሄደዋል። ሥራው ልብ ያደርቃላ! ጌጡን መጀመሪያ ከሰም ትቀርጻለህ፣ በጭቃ ትለብጠዋለህ፣ እሳት ላይ ሰሙን አቅልጠህ ታወጣለህ፣ ከዚያ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠ ብር ትጨምራለህ። ብሩ በደንብ ካልሞላ የወራት ልፋት አፈር ድሜ በላ። ሰባቱም የሄዱት የመጀመሪያ ሥራቸው በተበላሸ ቀን ነው። አንዱማ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ነው የወጣው።

ስምንተኛዋ የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ደጊቱ ናት። ለመጀመሪያ ሥራዋ የገብስ ዛላ ከሰም ስትቀርጽ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ በመርፌ ስታወጣ ሁለት ወር ፈጀባት። የኦቦ ቦጂያ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይህቺም ከሄደች ሙያው አብሯቸው መቀበሩ ነው። ለማንም አልተናገሩም እንጂ ፈርተዋል።

ይሄ የሆነው በ2008 ታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊውጥ ነው ብሎ ወጣቱ መንገድ በዘጋ ሰሞን ነው። ከሰል ከየት ይምጣ? ገፈርሳ ያለ አንድ ወዳጃቸው ጋ ሁለት ጆንያ አይጠፋም ብለው፣ ደጊቱ ወናፉን፣ ማቅለጫውን፣ ጉጠቱንና ብሩን ተሸክማ፣ እሳቸው የሰሙ ዛላ የተለበጠበትን የጭቃ ድቡልቡል በነጠላ ጠቅልለው በእግር ተነሡ። መንገድ ላይ አንድ ሳጅን ከባልደረቦቹ ጋር የሚጠብቀው አዲስ ኬላ ቆሟል። ከፊቱ ጎማ ይጨሳል።

«አካም ኦልተን፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

ሳጅኑ ድቡልቡሉን ተቀብሎ አገላበጠው። «አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንገት ጌጥ።»

«ጌጡ የታለ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ውስጡ ምን አለ?»

«ሰም።»

«ሰሙስ?»

«ይወጣል።»

«ከዚያ ውስጡ ምን ይቀራል?»

«ምንም።»

ሳጅኑ ድቡልቡሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይሰበር!»

ደጊቱ ጮኸች። ኦቦ ቦጂያም ተቆጡ። «ሻይ የምታፈሉበት ከሰል ላይ አድርገውና ሰሙ ሲወጣ በዓይንህ እይ!»

ሳጅኑ ባልደረቦቹን በደረታቸው አስተኝቶ፣ ራሱ ባሕር ዛፍ ጀርባ ቆሞ ፈቀደ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሰሙ ከሥር ወዳስቀመጡለት ጣሳ መንጠባጠብ ጀመረ። የፈነዳ ነገር የለም። የተኙት አንድ በአንድ እየተነሡ መጥተው ከበቡ።

«በሉ እንግዲህ፣ ጭቃው ሳይቀዘቅዝ ብሩ መግባት አለበት» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «አንተ፣ ወናፉን ያዝ!»

ሳጅኑ ያዘ።

«ቀስ! ሠርግ ቤት ከበሮ እየመታህ ነው እንዴ?»

ሳጅኑ ቀስ አለ። ብሩ ቀልጦ እንደ ውሃ ሲሆን ኦቦ ቦጂያ ማቅለጫውን በጉጠት አነሡ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መልሰው አስቀመጡት።

«ደጊቱ፣ አንቺ አፍስሺው።»

«ኦቦ፣ እኔ አፍስሼ አላውቅም እኮ!»

«ዛሬ ታውቂያለሽ።»

አፈሰሰች፤ ጠብታም መሬት አልነካ። ጭቃው ሲሰበር ግን ዛላው ከወገቡ በላይ የለም። ኦቦ ቦጂያ ስብርባሪውን ሲያገላብጡ አየር መውጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ተደፍናለች። አየሩ መውጫ አጥቶ ብሩን አላስገባም።

«እሷንማ እሳት ላይ ሳይወጣ እኔ ነኝ በጭቃ የደፈንኳት» አለ ሳጅኑ ኮራ ብሎ። «የፈንጂ ገመድ መግቢያ መስላኝ። ለጥንቃቄ ነው።»

ደጊቱ ግማሹን ዛላ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ልካ ሽርጧን ፈታች። «ስምንተኛዋም ሄደች» አሉ ኦቦ ቦጂያ በልባቸው።

ደጊቱ ሽርጡን መሬት ላይ ዘረጋችና ጣሳው ውስጥ የረጋውን ሰም ገልብጣ ቋጠረችበት።

«ኦቦ፣ ይሄ ለሌላ ዛላ ይበቃናል ወይስ እንጨምርበት?»

ኦቦ ቦጂያ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ የጎማውን ጭስ ረገሙ። ጎማው ከጠፋ ግን ቆይቷል።