ከካርዱ የተሰረዘው «እከክ»

«ዶክተር፣ እከክ እንዳልሆነ ለባለቤቴ ይጻፉልኝ» ብላ ዛሬ አንዲት እናት ምርመራ ክፍሌ ውስጥ አለቀሰች።

የመጣችው ተበላ ከምትባል ከተማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ። ካርዷ ላይ «እከክ» የሚል ተደጋግሞ ተጽፏል።

(ለሪፖርት እያንዳንዱ በሽታ ኮድ ይፈልጋል፤ የእከክን ኮድ ደግሞ ከሚስቶቻችን ስልክ ቁጥር በላይ በቃላችን እናውቀዋለን።)

ቁስሉ ግን እጇ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። እከክ በሚወደው በጣቶቿ መሃል ምንም የለም። «ሲጨንቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

እጇን ደበቀች። «ቆዳዬን በጥፍሬ እልጠዋለሁ። ልተው ብል እጄ እምቢ ይለኛል።»

ይሄ ከጭንቀት ጋር የሚመጣ፣ ወደ ሌላ ሰው የማይተላለፍ ሕመም ነው፤ ስምም ኮድም አለው። «እከክ»ን ሰርዤ ትክክለኛውን ጻፍኩ።

ምን ዋጋ አለው! እኛ ሐኪሞች «ይተላለፋል» ብለን ቤተሰቡን ሁሉ ቅባት ስናስቀባ፣ አማቷ መኝታዋን ለይተውባት ኖሯል። ትንሿ ልጇ እቅፏ ውስጥ መተኛት ካቆመች ቆይታለች።

ለባለቤቷ ጽፌ ማኅተም አስመታሁላት። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አሁን እኮ ልጅቷ ራሷ ትሸሸኛለች» አለችኝ።

ካርድ ላይ የተጻፈ ስሕተት ቤታችሁ ድረስ የገባባችሁ ካላችሁ አጫውቱኝ። እኔ ከካርዱ ሰርዤዋለሁ። ከልጅቷ ልብ እንዴት እንደሚሰረዝ የሚያውቅ ካለም ይንገረኝ።