ኮምቦልቻ በአየር

ዘቢደር ጅቡቲ በተቀጠረችበት ቤት ሸሚዝ እየተኮሰች ስልኩን በትከሻዋ ጆሮዋ ላይ ደገፈችው። የደወለው ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሟ ልደቱ ነው።

«እቴቴ፣ እማዬን ትንሽ አሟታል። በአውሮፕላን ነይ፤ ትኬቱን እኛ ቆርጠናል።»

አሠሪዋ ፈረንሳዊት ማዳም ስትሰማ ኮምፒዩተሯን ከፈተች።

«አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ሌላ አንድ ሰዓት። ነገ ለምሳ ከእናትሽ ጋር ነሽ!»

ዘቢደር ካውያውን ነቀለች። በአገሯ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሁልጊዜም የምትሄደው ወደ ኢትዮጵያ የሚጭኑ መኪኖች ከሚቆሙበት ከፔካ 12 ሰፈር በጭነት መኪና ነው፤ እነልደቱ ለትንሽ ሕመም የአውሮፕላን ትኬት አይቆርጡም።

«በመኪና ነው የምሄደው» አለች።

«ሁለት ቀን እኮ ነው!»

«ይሁን። እስክደርስ እናት አለችኝ።»

ኮምቦልቻ የገባችው በእናቷ ሣልስት ዕለት ነው።