ቶልፋ ላይ ያልተደገመው ጥያቄ

ኪዳነን ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ ከሚገኘው የዓይናለም ምግብ ቤት አታጡትም። በሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ጠረጴዛ የእሱ ናት። ሰው በገባ ቁጥር፣ የማያውቀውም ቢሆን፣ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ዓይናለም «ኧረ ተቀመጥ ኪዱ፣ ጉልበትህን ጨረስከው እኮ!» እያለች ትቆጣዋለች። እሱ ፈገግ ይልና ለሚቀጥለው ሰው ደግሞ ይነሳል። ይህን ያጫወተኝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ፣ እየቆነጠረ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባልዱዊና ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሲያስታምም ኖሯል። ሲኞር ኦታቪዮ ይባሉ ነበር፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ባልዱዊናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመሽ የዱር አሳማዎች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ከጫካው ይወጡና የቆሻሻ ገንዳውን ይገለብጣሉ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው በደጋንና በቀስት አሳማ የሚያድኑ ሰው ስለነበሩ፣ በመስኮት ቁልቁል እያዩ «ኪዳነ፣ ደጋኔን አምጣልኝ! አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜም አልስተውም!» ይሉ ነበር። ኪዳነም «እርስዎ መጀመሪያ መድኃኒትዎን ይዋጡ» ይላቸዋል።

ሽማግሌው አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ኪዳነ ሲጋብዙት መጀመሪያ እምቢ ይላል። «አይ፣ ይቅርብኝ፣ በልቻለሁ» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸ። እኛ ቤት ይህ ምን ይደንቃል? አንዱ እምቢ ይላል፣ ሌላው «በሞቴ» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። ሲኞር ኦታቪዮ መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋብተው ነበር። በኋላ ግን መላውን አገኙት፤ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አሎራ፣ አሁን ብላ!» ኪዳነ ይህን ሲያስመስል የሽማግሌው ድምፅ ራሱ ይወጣዋል።

ሽማግሌው በመስከረም ሞቱ። ልጆቻቸው አፓርታማውን ሊሸጡት ተስማሙ። ታላቁ ልጅ ፋቢዮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኪዳነ እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ እንዲቆይ ፈቀደለት። ከዚያ በኋላስ? ሥራውም ቤቱም አንድ ላይ ነበሩ፤ አንድ ላይ ሄዱ። ሥራ ለሌለው ሰው ሮም ውስጥ ማን ቤት ያከራያል?

ለራሱ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም፤ ስደተኞች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ሰላም ፓላስ በሚባለው ሕንፃ ያለው ጓደኛው አበራ አንድ አልጋ ቦታ አይነፍገውም። ነገር ግን ጉለሌ አክስቷ ዘንድ የቀረች ልጅ አለችው፣ ፍቅር። እናቷ የሺወርቅ ካረፈች ወዲህ ልጅቱን ወደ ሮም ለማምጣት ሲል ብቻ ነበር የሚኖረው። ሕጉ አጭር ነው፤ አባት በስሙ ሥራና በቂ ቤት ኖሮት፣ ልጅቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ማመልከት አለበት። ፍቅር በሚያዝያ ይሞላታል። ከሚያዝያ ወዲያ አዋቂ ናት፤ አባቷ ጋ መምጣት የምትችል ልጅ አይደለችም።

በታኅሣሥ አንድ ቀን አሌክስ ደወለለት። አሌክስ የፋቢዮ የአደን ጓደኛ ነው። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ልጅነቱን ካዛንቺስ ስላሳለፈ አማርኛው እንደ እኛው ነው።

«ኪዱ፣ ቅዳሜና እሑድ ቶልፋ ለአሳማ አደን እንወጣለን። ፋቢዮ ይምጣልኝ ብሏል። ስማኝማ፣ በእኔና በአንተ ይቅር፤ እዚያ ያለውን የገጠር ቤቱን የሚጠብቅለት ሰው እየፈለገ ነው። ከፈረስ ጋጣው ጎን ያለችውን ትንሽ ቤት ከነውሉ ይሰጣል። አንተን ነው ያሰበው።»

ኪዳነ ስልኩን ዘግቶ ኩሽናው ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ለፍቅር ደወለ። ይህንን ሲነግረኝ ራሱን ነቀነቀ፤ «ምነው አፌን በያዘው» አለኝ። «አጥር ግቢ ያለው ቤት ነው፣ ፈረስም አለ» አላት። ልጅቱ ጮኸች፤ አክስቷም ከጓዳ እልል አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነው ወጡ፤ ፋቢዮ፣ አሌክስ፣ ኪዳነና ክሪስቲና የምትባል የስፖርት አስተማሪ። ከአራቱ የተሻለች ተኳሽ እሷ ናት ይላሉ። ኪዳነ ፈቃድም ደጋንም የለውም፤ ገመድና ቦርሳ ይሸከማል። ወቅቱ የገና ጾም ስለነበር ምስሩን በዕቃ ቋጥሮ ይዟል።

«ይኼ ሰውዬ አሳማ አይበላ፣ አሳማ አይነካ፣ አሁን ደግሞ ጾመኛ!» አለ አሌክስ መኪና ውስጥ። «ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?»

«አንተ ስትስት ለማየት» አለው ኪዳነ።

ክሪስቲና ተተርጉሞላት እስክታነባ ሳቀች። ኪዳነ ራሱ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ ያን ያህል ቀልሎት አያውቅም።

ያን ጠዋት የቀናው አልነበረም። ቀትር ላይ ቤቱ ደጃፍ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ቀረበ። አሌክስ ድስቱን ሊያወርድ ገባ። ፋቢዮ ወይኑን ቀድቶ፣ ትንሿን ቤት በእጁ አሳየና እንዲህ አለ፤

«ኪዳነ፣ አባቴን እንዴት እንደያዝክልን አንረሳም። ያቺን ቤት ወስደህ ግቢውን ትጠብቅልናለህ? ልጅህንም ታመጣለህ። ምን ትላለህ?»

እዚህ ላይ ኪዳነ ሁልጊዜ ያቆማል። ውኃ ይጠጣል።

ለቡናማ ለምዷል፤ ባር ውስጥ «ትጠጣለህ?» ሲሉት ወዲያው «ሲ» ይላል። ዳቦና ወይን ሲያቀርቡለትም እንደዚያው። ግን ይህ ቤት ነው! ሰው ቤት ሲሰጡት እንደ ረሃብተኛ እጁን ይዘረጋል? ያውም አባታቸው በሞቱ በሦስተኛው ወር፣ ያውም በሴት ፊት። አንገቱን ሰበረና «አይ፣ አይ፣ ኧረ በፍጹም። እናንተን ለምን አስቸግራለሁ? ለእኔ አታስቡ፣ እኔ የትም እሆናለሁ» አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀ።

ፋቢዮ «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አላለም። «ቫ ቤኔ፣ እሺ እንግዲህ» አለ፤ «ይገባኛል። የከተማ ሰው ሆነሃል፤ ገጠር ከብዶህ ነው።» ፊቱ ላይ ትንሽ ቅሬታ ነበር፤ የሰጠው ስጦታ የተመለሰበት ሰው ቅሬታ።

«ታዲያ ቴሬዛ አለችልህ» አለች ክሪስቲና ወዲያው፤ «እናቴን የምትንከባከበው። ከባሏ ጋር ገጠር ሥራ ይፈልጋሉ። ልደውልላት?»

ኪዳነ ምስሩን በሹካ እያገላበጠ ነበር። ፋቢዮ አሁን ዞር ብሎ ይጠይቀኛል፣ አሁን፣ አሁን እያለ። ሳህኖቹ ተነሡ። ጨዋታው ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኪዳነ ከአሌክስ ጋር ወንዙ ዳር ተመደበ። መንገድ ላይ ነገሩን ነገረው። አሌክስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን አልክ? እምቢ አልኩት ነው የምትለኝ?»

«እምቢ እንኳ አላልኩም። አታስቸግሩ ነው ያልኩት።»

«ኪዱ! ሰውዬው እኮ ጣሊያን ነው!»

«አንተስ ግማሽ ነህ፣ ቁጭ ብለህ አታግዘኝም ነበር?»

«ግማሹ እኔ ኩሽና ውስጥ ድስት ሳወርድ ነበራ!» አለና ፊቱን በእጁ ያዘ። «ና፣ አሁኑኑ እንመለስ። እኔ እነግረዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«በሰው በኩል ቤት አልለምንም። ነውር ነው። ነገ አደን መጠበቂያው ማማ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ራሴ እነግረዋለሁ።»

አሌክስ ለመነው፣ ተቆጣው፣ መልሶ ለመነው። ኪዳነ አልተበገረም። ዛሬ ተጠይቆ እምቢ ብሎ፣ ምሽቱን ሰው ልኮ እሺ ማለት፣ ሁለት ጊዜ መዋረድ ሆኖ ታየው። አንድ ሌሊት ምን ያመጣል ብሎ አሰበ።

እሑድ ማለዳ ፋቢዮና ኪዳነ ዛፍ ላይ የታሰረችው ማማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በጠመንጃ ከሩቅ ነው የሚታደነው፤ በቀስት ግን አሳማው እግርህ ሥር ድረስ መምጣት አለበት። ስለዚህ አይወራም፣ አይሳልም፣ እግር አይንቀሳቀስም። ኪዳነ ንግግሩን በጣሊያንኛ ሌሊቱን ሲያሰናዳ አድሯል። አፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አንዴ «ፋ...» ሲል ፋቢዮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ከዚያ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና አሳማው ወጣ፤ ብቻውን፣ ትልቅ ወንድ። ፋቢዮ ደጋኑን ሳበ። ቀስቲቱ ስትለቀቅ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። አሳማው ዘለለና ወደ ጥሻው ገብቶ ጠፋ።

ኪዳነ ሊወርድ ሲነሣ ፋቢዮ ክንዱን ያዘው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የተወጋ አሳማ ወዲያው ከተከተልከው ቁስሉን ይዞ አገር ያቋርጣል። ከተውከው ግን ቅርብ ቦታ ተኝቶ ይሞታል። ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። ኪዳነ ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማያገኝ አወቀ።

«ፋቢዮ» አለ በሹክሹክታ። «የትናንቱን ነገር... ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

ፋቢዮ ዞረ። «ምን?»

«እፈልገዋለሁ። ትናንትም እፈልገው ነበር።»

«አልፈልግም አልከኝ እኮ!»

«በጨዋነት ነው እምቢ ያልኩት።»

«በጨዋነት? ኪዳነ፣ ሰው ቤት ሲሰጡት በጨዋነት እምቢ ይላል?»

«አባትህ ሦስት ጊዜ ነበር የሚጠይቁኝ» አለ ኪዳነ።

ፋቢዮ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ሲናገር ሹክሹክታውን ረስቶት ነበር። «ማንም አልነገረኝም። ለቴሬዛ ትናንት ራሴ ደወልኩላት። ስልኩ ላይ አለቀሰች። ባሏ ያን ጊዜውኑ ለአከራያቸው ደውሎ እንለቃለን ብሏል። ሁለት ሕፃናት አሏቸው። አሁን ምን ልበላቸው?»

ኪዳነ ምን ይበል? ንገራቸው፣ አስወጣቸው፣ የእኔም ልጅ አለችኝ ይበል? ቃሉ ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር። «አይ፣ ምንም አትበላቸው» አለ።

ይህኛው እምቢታ የእውነት ነበር ብሎኛል። ግን ፋቢዮ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል?

«ሌላ ነገር እንፈልግልሃለን» አለ ፋቢዮ። ሁለቱም ከሚያዝያ በፊት ሌላ ነገር እንደማይገኝ ያውቁ ነበር።

ደሙን ተከትለው ሲሄዱ አሳማው ጅረቱ አጠገብ ሞቶ አገኙት። አሌክስና ክሪስቲናም ደረሱ። የሚጎተተው ሽቅብ ነበርና ክሪስቲና ገመዱን ስትፈታ፣ ኪዳነ ጎንበስ ብሎ የአሳማውን የኋላ እግር በባዶ እጁ ጨበጠ።

«ተው፣ አንተ አትነካም እኮ!» አለ ፋቢዮ።

ኪዳነ አልለቀቀም። ብቻውን ጎተተ። ጥርሱን ነክሶ፣ ጫማው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ፣ ሌሎቹ ቆመው እያዩት ጎተተ። ክሪስቲና ምንም አላወቀችም፤ «ብራቮ ኪዳነ! ዛሬ አዳኝ ሆንክ!» ብላ አጨበጨበች። አሌክስ ግን ፊቱን አዙሮ ነበር።

«ለምን ያዝከው?» አልኩት።

«እንጃ» አለኝ። «ምናልባት ጉልበተኛ እንደሆንኩ እንዲያይ። ምን ያደርግልኛል፣ አልቆ የለ? ግን እጄ ዝም ብሎ ሄደ።»

ጅረቱ ውስጥ እስኪያቃጥለው ድረስ እጁን አሸው። መኪና ውስጥ ማንም አልቀለደም። ባልዱዊና ሲደርሱ ፋቢዮ ወርዶ አቀፈው፤ ኪዳነም አቀፈው። ሁለቱም አንዱ አንዱን መጥላት አልሆነላቸውም። ቢሆንላቸው ምናልባት ይቀል ነበር።

ያን ዕለት ፍቅር ደወለች። «አባዬ፣ ቤቱስ? ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም» አላት።

«እንዴ! አንተ ጠይቃቸዋ ታዲያ!»

አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ናት፤ ግን የዛሬ ልጅ ናት። ነገሩን በአንድ አፍ ጨረሰችው። እሱ «እሺ የኔ እመቤት» ብሎ ዘጋ።

በጥር አፓርታማው ተሸጠ፤ ኪዳነም ሻንጣውን ይዞ ከአበራ ጋር ሰላም ፓላስ ገባ። ሥራ አላጣም፤ ሰዓት በሰዓት እየተከፈለው ሽማግሌዎችን ያጥባል፣ በበጋ ደግሞ ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ ይተክላል። ቤት ግን በስሙ አላገኘም። አሌክስ ስንት በር አንኳኳለት። ፋቢዮም ሁለቴ ደውሎ ነበር።

በሚያዝያ፣ በልደቷ ቀን፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ደወለላት። ከጀርባዋ ሙዚቃ ይሰማል፤ ጓደኞቿ ኬክ ገዝተውላታል። ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ።

«አባዬ፣ ስለ እኔ አትጨነቅ» አለችው እየሳቀች። «አሁንማ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ።»