ጆንያ ላይ ያገኘሁት ቁጥር

ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ልደቷ ሲደርስ እሷ ስለ ኬኩ ታስባለች፤ እኔ ስለ አንድ የጫት ጆንያ።

የጪሮ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ልስን ነው። ያኔ ሥራ ተገኘልህ ተብዬ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ስሄድ ባለቤቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን በምጥ ሞቶብናል። ስለዚህ በየቀኑ እንደምደውል ቃል ገባሁላት።

እዚያ የአገሬ ሲም አልሠራ አለኝ። አውጥቼ በወረቀት ጠቀለልኩትና የሶማሌ ሲም ከተትኩ። ስልኬን ስከፍት አንድም ቁጥር የለም! ለካ ሁሉም ያለው አሮጌው ሲም ላይ ነው። ኪሴን ስፈትሽ ወረቀቱም የለም፤ የት እንደጣልኩት እግዜር ይወቅ። የሚስቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀው! ስሟን ነክቼ ነዋ የምደውለው። ጉድ ነው መቼም።

አራት ቀን በጸሎትና በንዴት አለፈ። በአምስተኛው ጠዋት ሥራውን ጥዬ ልመለስ ስል፣ መንገድ ዳር ጫት የምትሸጥ ሴት አየሁ። ጆንያዋ ላይ በቀለም «ሂርና» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር አለ። ሂርና የጪሮ ጎረቤት ከተማ ናት፤ የእኛ አገር ነጋዴ ጆንያው እንዳይቀየርበት እንዲህ ይጽፋል። የኢትዮጵያን ኮድ አስቀድሜ ደወልኩ።

«ኤኙ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ማን ነህ ማለታቸው ነው።

«አባቴ፣ አያውቁኝም፤ የጪሮ ልጅ ነኝ» ብዬ በኦሮምኛ ጉዴን ዘረገፍኩላቸው። የባለቤቴን ስምና ሰፈራችንን ጠየቁኝ።

«በል ጠብቅ፤ ኢንሻአላህ» ብለው ዘጉ።

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳቸውም። የትኛው የጫት ነጋዴ ነው ጠዋት ገበያውን ጥሎ የሚሄድ?

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ ታለቅሳለች። በቃ፣ ይህኛውም ሞተ አልኩ። ከዚያ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ።

«ሴት ናት፤ ትናንት ወለድኩ። አንተ የሞትክ መስሎኝ እኮ ነው!» አለችኝ።

ሽማግሌው በሚኒባስ ጪሮ ድረስ መጥተው፣ ቤታችንን እየጠየቁ አግኝተው፣ በራሳቸው ስልክ ነበር ያገናኙን።

ስመለስ ሂርና ሄጄ አመሰገንኳቸው። «የዚያን ቀን ጫትዎ አልደረቀም?» ብላቸው ሳቁ።

«ደረቀ እንጂ! ጫት ነገም ይቆረጣል። ሰው አባት ሆኖ ሳያውቅ ይደር እንዴ?»

ዛሬ የባለቤቴንም የእሳቸውንም ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። ልጄንም መጀመሪያ ያስጠናኋት የእሳቸውን ነው። በየልደቷ ራሷ ትደውልላቸዋለች። እሳቸውም ማን እንደሆነች እያወቁ፣ «ኤኙ?» ይሏታል።