ሳይጠየቅ የጸዳ ፊት

ሰውየውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ቢፈለግ አይገኝም። «ቀጥ በል» ነው የሚሉት። ምን ያድርጉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን በርጩማ ላይ እያስቀመጠ፣ «ቀጥ በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍስ» ሲል የኖረ የጉርድ ፎቶ አንሺ ነው። ሰፈሩ ስሙን አወጣለት፣ እሱም አልተቀየመም። መንገድ ላይ «ቀጥ በል» ሲሉት ዞር ብሎ «አቤት» ይላል።

ፎቶ ቤቱ ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ከመጥበቡ የተነሳ ወጪና ወራጅ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። በሩ አጠገብ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ጋር ማበጠሪያ በገመድ ታስሯል። ለምን እንደታሰረ መናገር አያስፈልግም፣ ሰውን የምታውቁት ነው። ከመስታወቱ ጎን ባለው ጠረጴዛ የምትቀመጠው ሚስቱ ናት። ደንበኛ የምትቀበል እሷ፣ ፎቶውን በመቁረጫው የምትከረክም እሷ፣ ፖስታ ውስጥ ከታ የምትሰጥ እሷ።

እዚህ ቤት የመጣ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይወጣም፤ «ይጽዳልዎ ወይስ እንዳለ?» ይባላል። ብጉሩ፣ ማድያቱ፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ይጥፋ ወይስ እንደተፈጠሩ ይውጡ ማለት ነው። መልሱን ሚስቱ ፖስታው ጥግ ላይ በአንድ ፊደል ትጽፋለች፤ ወይ «ጽ» ወይ «እ»። ከመቶው ሰው ዘጠናው «ጽ» ነው። ሰው መቼ ራሱን ይወዳል። ቀጥ በልም በዚህ ሥራ እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ድሮ በቀጭን ብሩሽ፣ ዛሬ በኮምፒውተር፣ የስልሳ ዓመት ሰው ያስገባና የአርባ ዓመት ያስወጣል። አንዲት ሴትዮ ፎቶዋን ተቀብላ፣ «ይቺ ታናሽ እህቴ ናት፣ የኔን ስጠኝ» አለችው ይባላል። እኔ አልነበርኩም፣ የሰማሁትን ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የፎቶ ክበብ የገባው። ያስገባው አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነው። መምህሩ ጉርድ ሊነሳ መጥቶ «እንዳለ ይሁን» ካለ በኋላ ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤታችን ብቅ ይበሉ። ፎቶ የምንወድ ሰዎች ተሰብስበን እንጨዋወታለን» አለው። ቀጥ በል በሆዱ «ፎቶ ደግሞ ምን ወሬ አለው» አለ። ግን ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት የድንገተኛ ክፍል ነርስ አለች፣ ሌሎችም አሉ። ፎቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ ወንበር ይጠጋጋል፣ ከዚያ ማየት ነው። አንድ ሕግ አላቸው። ፎቶው የሚታይለት ሰው በእጁ ጠመኔ ይይዛል፤ ጠመኔ የያዘ ሰው አይናገርም። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው፣ ዝናብ ስለነበረ ነው» ብሎ ማስረዳት የለም። «ፎቶው ራሱ ካልተናገረ» ይላል መምህሩ፣ «ቤት ለቤት እየዞርክ ልትናገርለት ነው?»

የመጀመሪያ ቀን ሾፌሩ የአውቶቡስ ጎማ ያረፈበትን የውሃ ኩሬ አንስቶ መጣ። አርባ ደቂቃ አወሩበት። ቀጥ በል ሥራ የፈቱ ሰዎች መሰሉት። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ እንቁላል አስቀመጠና መጋረጃውን ግማሽ ገለጠ። «ክብ መሆኑ በዓይን እስኪዳሰስ ድረስ አንሱት» አለ። ሃያ ስድስት ዓመት መብራት ከግራና ከቀኝ እየለቀቀ የሰውን ፊት እንደ ሰሃን ሲያነጣ የኖረው ሰውዬ፣ ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ ጥላው ምን እንደሚሠራ ያን ቀን ገባው። ያንኑ እንቁላል ቤቱ ወስዶም ስልሳ ጊዜ አነሳው። በሳምንቱ ፎቶውን ይዞ ሲመጣ ሁሉም አዩት፤ እውነትም ክብ ነበር። ከዚያ ሲስተር ጠጋ ብላ፣ «እንቁላሉ ላይ የነበረችው ነጥብ የት ሄደች?» አለች። እንቁላሉን አጽድቶት ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ቀጥ በልም ጠመኔውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቅ ጀመር። ወራት አለፉና ክበቡ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ትርኢት ሊያሳይ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ፤ ርዕሱም «በደንብ የማውቀው ሰው»። ቀጥ በል ያለ ሚስቱ ማንን ያውቃል? ችግሩ፣ ሚስቱ ፎቶ ከተነሳች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። «ቀኑን ሙሉ ፊት ስቆርጥ እውላለሁ፣ ደግሞ የራሴን ልቁረጥ?» ትላለች። ቀልድ መስሎት ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ ጠባሳው ልንገራችሁ። ከግራ ቅንድቧ ተነስቶ ወደ ጆሮዋ የሚሄድ፣ የአውራ ጣት ያህል ነው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ የቸኮሉ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ደረጃውን ሞልተውታል። ቀጥ በል ትልቁን መብራት ማቆሚያው ላይ ሰቀለና፣ ብሎኑን በኋላ አጠብቀዋለሁ ብሎ ወደ ካሜራው ሮጠ። ሚስቱ የሙሽሪትን ቀሚስ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል መብራቱ ወረደባት። ሰባት ስፌት ተሰፋች። ሐኪሙ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት፣ «የመብራቱ ገመድ ጠልፎኝ ነው» አለች፤ የመሰላትን ነው የተናገረችው። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። «አይ፣ እኔ ብሎኑን ሳላጠብቅ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፣ ደሙን አየ፣ አፉን ዘጋ። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ነገ ሰጠው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ፣ ምነው አይነቅዝ። ነገሩ የቤተሰብ ቀልድ ሆነ። እህቱ ሚስቱን ከሩቅ ስታይ፣ «ገመድ ካለ አንሱ፣ መጣች» ትላለች፤ ቤቱ ይስቃል። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ልጃቸው ከጓዳ፣ «እማዬ ናት» እያለች አደገች። ሚስቱም አብራ ትስቃለች። እሱም ይስቃል። የሳቀ ቀን ማታ ግን እህል አይወርድለትም። ጠባሳውን ማየት ስላልቻለም፣ ሚስቱን ባነሳ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚያጸዳው እሱን ነበር። የቤተሰብ ፎቶውን፣ የልጃቸውን የልደት ፎቶ፣ የመታወቂያዋን ሳይቀር። እሷ ፎቶዎቹን ተቀብላ ትቆርጣለች፣ ምንም አትልም።

እና ለመናት። ትንሽ አየችውና፣ «ቅዳሜ ስትመለስ ፊትህ ይበራል። ምን እንደሚያበሉህ እንጃ» አለች። «እሺ፣ ለነሱ ከሆነ ልነሳ።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መብራቶቹን ሁሉ አጥፍቶ በርጩማውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠላት። ቀጥ በይ አላላትም። እሷም ከመቀመጧ በፊት ፀጉሯን ከግራ ግንባሯ ገለል አድርጋ ከጆሮዋ ኋላ አስገባችው። አይቷታል፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ልብ አላለም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ ፎቶውን አጎላ፣ እጁም ሳያማክረው የለመደውን ሠራ።

ከትርኢቱ በፊት ለመጨረሻው ምልከታ ክበቡ የተነሱትንም ሰዎች ጠርቶ ነበር። ሚስቱ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ መጣችና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፎቶው ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፣ ቀጥ በል ጠመኔውን ተቀበለ። መምህሩ ብርሃኑን አደነቀ። ሾፌሩ «እጆቿን እዩአቸው» አለ። ሲስተር ግን ፎቶውን አየች፣ ዞር ብላ የኋላውን ወንበር አየች፣ ተመልሳ ፎቶውን አየች። ሥራዋ የተሰፋ ፊት ማየት ነው፣ ምን ታድርግ።

«ፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ ጥሩ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ከኋላ የተቀመጡትን ግን የበለጠ ወድጃቸዋለሁ።»

ሁሉም ዞረ። ቀጥ በል ደግሞ ጠመኔ ይዟል፣ አይናገርም። መምህሩ ነገሩን ሊያለሳልስ ብሎ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እትዬ?» አላት።

«እኔ ቆራጭ ነኝ» አለች። «የሰጡኝን ፊት ነው የምቆርጠው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ቀጥ በል አልሳቀም።

ሲመለሱ እሷ ቀድማ፣ እሱ ተከትሎ፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። እዚያ ቆም አለች።

«ለመጣው ሁሉ 'ይጽዳልዎ ወይስ እንዳለ' ትላለህ» አለችው። «ለሰካራም ሳይቀር። እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መልሱን አልጠበቀችም።

«ጠባሳዬ ካስጠላህ አስጠላኝ በለኝ። በሃያ ሦስት ዓመት አንዲት ቃል አይወጣህም? በዚህኛው እንኳ ይተውልኛል ብዬ ፀጉሬን ገለጥኩልህ።»

«አስጠልቶኝ አይደለም።» አላት። «አንቺ ሰው፣ ስሚኝ። አንቺ ገመድ አልረገጥሽም። ገመዱ ግድግዳ ሥር ነበር። ብሎኑን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

ቦርሳዋን ፌርማታው አግዳሚ ላይ አስቀመጠች። «ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ?»

«አጠገብሽ ነበርኩ።»

«እህትህ በሰው ፊት ስታላግጥብኝ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

«አንተም ስቀሃል።»

«ስቄያለሁ» አለ።

አውቶቡሱ መጣ፤ ገባችና ከአንዲት ተማሪ ጎን ተቀመጠች፤ እሱ ቆሞ ሄደ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ፎቶ ቤቱ ተከፈተ፣ ሰው መጣ፣ «ጽ» እና «እ» ተጻፈ፣ መቁረጫው ቀጭ ቀጭ አለ። ከሥራ ቃል በቀር ለሱ የተረፈ ቃል አልነበራትም። ይቅርታ ሲላት «ሰማሁ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሲስተር ደውላ፣ ሳላስበው ተናግሬ አስቀየምኳችሁ ብላ ልትለምን ሞከረች። «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ዓይን ስላለሽ ነው» አላት ቀጥ በል።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሚስቱ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። የእሱን ስልክ አንስታ ፊቱ አስቀመጠች። ሌላ ከተማ የምትማረው ልጃቸው ስም በርቷል።

«ለኔ ነግረኸኛል» አለችው። «ያሳደግኳት ግን በዚህ ቀልድ ነው። ንገራት።»

ስልኩን አንስቶ ደወለ። ልጅቷ ወዲያው አነሳች። «አባዬ? ምነው በዚህ ሰዓት? እማዬ ምን ሰበረች?»

ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ እንኳ ክፉ ብላ አይደለም፤ የሰማችውን ነው። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሙሽሮቹን፣ ብሎኑን፣ ሐኪሙን፣ የሳቀውን ሳቅ ሁሉ ሳያሳምር ፍርጥ አድርጎ ነገራት። ሲጨርስ ስልኩ የተዘጋ መስሎት «ሃሎ» አለ።

«እማዬን ስጠኝ» አለች ልጅቷ።

ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። መጀመሪያ ብዙ አልተናገረችም። «አዎ» አለች። «እኔም ቅዳሜ ነው የሰማሁት» አለች። «ኧረ አላለቅስም፣ አንቺ ራስሽ እያለቀስሽ ነው» አለች። ጠባሳዋ ላይ የምሳ ሰዓት ብርሃን አርፏል፤ ቀጥ በል ካሜራው አጠገቡ እያለ ሊያነሳው ትዝም አላለው። ነገሩ ሁሉ ይኸው አለቀ፣ አሁንስ ይቅር ትለኛለች ብሎ ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እሱ እንዲሰማ ብላም አልነበረም።

«እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ማንሳት መማር እፈልግ ነበር። እዚህ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ካሜራ ነክቼ አላውቅም። እሰብረዋለሁ ብዬ። የምሰብረው እኔ አይደለሁም ለካ።»