አውፍ ያልኳቸው ሰው

በፎቶ ቤት የደበዘዘ ፎቶ ስሙ አንድ ነው፤ «ተንቀሳቅሰዋል»። ጥፋቱ የፊልሙም ይሁን የአንሺው፣ ደንበኛው የሚሰማው ይህንኑ ነው። ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ከፍቼ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ዲጂታል ካሜራ እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ ስንቱን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው «ተንቀሳቅሰዋል» ብዬዋለሁ። ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም።

በዚያ ብቻ ባበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ አንድ ነገር ተምሬ መጣሁ። የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ታደርገዋለህ፤ ገና ክፍት ሳለ ካሜራውን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ሳብ ታደርጋለህ። ፊትህ ያለው ነገር ቅርጹን ይጥልና ቀለም ብቻ ይሆናል። ለከፈኝ። ጨፋ ወርጄ የደረሰ ማሽላ አነሳሁ፤ ታጥቦ ሲመጣ አገዳ የለ፣ ቅጠል የለ፣ ቀይና ቢጫ ሰንበር ብቻ። ባቲ ገበያ እየሄድኩ የሴቶቹን ሻሽ እንደዚያው አደረግኩት። ጓደኞቼ ካሜራህን ሐኪም ቤት ውሰደው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እነዚህ ምን ያውቃሉ እያልኩ ናቅኋቸው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣውንም ሰው አብሬ ናቅሁት።

ከእኔ ቤት ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራውን ትተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። «ኢልመኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ገቡ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ሴት ልጃቸው አባትሽ ደክሟል የሚል ወሬ ሰምታ፣ በደወለች ቁጥር ታለቅስ ኖሯል። ደህና መሆናቸውን እንድታይ ፎቶ ሊልኩላት ነው። እጄ እንዳይታይ፣ ፊቴን ብቻ አንሳልኝ አሉ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። ቢስሚላህ ብለው ትንፋሻቸውን ያዙ። ከበሩ የገባው ብርሃን ጀለቢያው ላይ ሲያርፍ ሳየው ራሴን መግዛት አቃተኝ። ሁለት ፎቶ የቀረኝ መስሎኝ ነበር። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለልጅቷ ብዬ የመጀመሪያውን ካሜራውን ወደ ታች እየሳብኩ አነሳሁ። ለሁለተኛው ፊልሙን ልጠመዝዝ ስል አልሄድ አለኝ፤ አልቋል። ሌላ ፊልም ቤት ውስጥ አልነበረም። ነገ ይመለሱ ማለት ምን ነበረበት? እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ተነስተዋል። «ድንጋይ ሆኜልህ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ድንጋይ ነበሩ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ፊልሙ ኮምቦልቻ ታጥቦ መጣ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ፣ መሀሉ ላይ ጠይም ጥላ፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ይህን መናገር ራሱ ያሳፍረኛል። ፊልሙ ተቃጥሏል ብዬ ልደብቃቸው አስቤ ነበር፤ ፖስታውን ስከፍት ግን ከኋላዬ ቆመው ኖሮ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱት። ወደ በሩ ወጥተው፣ አቅርበውም አርቀውም አዩት። ያን ጊዜ አፌ የለመደውን አወጣ።

«ትንሽ ተንቀሳቅሰዋል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ያህል ነው እንዴ የምንቀጠቀጠው?» አሉ።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ መለሱት። «አውፍ በለኝ ኢልመኮ፤ ፊልምህን አበላሸሁብህ።»

እኛ ዘንድ አውፍ በለኝ የተባለ ሰው ዝም አይልም፤ ዝም ካለ ቂም ይዟል ማለት ነው። «አውፍ ብያለሁ አባባ» አልኩ። የእኔን ጥፋት ለእሳቸው ይቅር አልኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ አላየኋቸውም። ሻይ ቤት መምጣት ተዉ። ለቅሶ ቤት ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ አቆሙ፤ በልቻለሁ ይላሉ አሉ። ለልጃቸው ፎቶ አንሺው ከተማውን ለቋል ብለው ነገሯት። ሰው ሁሉ በሽታው ጠናባቸው ይል ነበር። በሽታው እኔ እንደሆንኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ጁምዓ ከስግደት በኋላ ካሜራዬንና የማሽላውን ፎቶዎች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ንቅንቅ አላሉም ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶዎቹን ዘረጋሁላቸው።

«ማሽላውንማ ያወዛወዘው ነፋስ ነው» አሉ።

ካሜራውን አንስቼ ወደ ታች እየሳብኩ አሳየኋቸው። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። «አብሽር። ሽማግሌ ላጽናና ብለህ በአላህ ስም አትማል» አሉኝ። ለልጅቷ እንደገና ላንሳዎት ብዬ ለመንኩ። ድምፄ ይበቃታል፣ እሱ ገና አልተንቀጠቀጠም አሉ። ከዚህ በላይ ብናገር ደግነቴን ብቻ እያበዛሁባቸው እንደምሄድ ገባኝ።

ልነሳ ስል ተቀመጥ ብለው መዳፎቻቸውን ለዱዓ ዘረጉ። መዳፎቹን ቀረብ ብዬ አየኋቸው፤ የሚንቀጠቀጡት በጥቂቱ ብቻ ነበር።

«ለደግነትህ አላህ ይክፈልህ» አሉ። «እጅህንም እንደኔ ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅልህ።»

አሚን አልኩ።