«ደረጀን እንጠብቃለን»

ካዛንቺስ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ወገባቸውን ይዘው ገቡና «ወጌሻዋ አንቺ ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሬ ወጌሻ መባሌ አንገበገበኝ። አብሮኝ የተቀጠረው ደረጀ ግን «አዎ እማማ፣ ሁለታችንም ወጌሾች ነን፤ ይተኙ» ብሎ አሳቃቸው።

እኔ ሕክምና ሞልቼ፣ ነጥቡ አልበቃ ብሎኝ ፊዚዮቴራፒ የደረሰኝ ነኝ። ደረጀ አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሞላ ሰው ነው። መቅናት የጀመርኩት ይህን የነገረኝ ቀን ይመስለኛል።

በሙያ እኩል ነን። እንዲያውም የደረቀ ትከሻ በማፍታታት እበልጠዋለሁ። ታካሚዎቹ ግን ተራቸው ደርሶ «ግቡ» ስላቸው «ግዴለም፣ ደረጀን እንጠብቃለን» ይሉኛል። ለኃላፊያችን ለአቶ ግርማ አቤት ብል «ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው በግድ አይታከም» አሉኝ።

ደረጀ ታካሚውን ሥራው ምን እንደሆነ ይጠይቅና የሥራ ዕቃውን ይዞ እንዲመጣ ያደርጋል። አንዴ ከቡልጋሪያ ሰፈር፣ ስትሮክ ቀኝ እጁን የያዘው መካኒክ መጣ። እኔ ብሆን ለስላሳ ኳስ አስይዤ «ጨብጥ፣ ልቀቅ» እለው ነበር። ደረጀ ብሎንና ዳዶ አስመጣና ሲያሳስረውና ሲያስፈታው ከረመ። መካኒኩ ዳዶውን በገዛ ጣቱ የፈታ ቀን ከእሱ ይልቅ ደረጀ ፈነደቀ። እኔ በበኩሌ መጋረጃዬን ሳብኩ።

ለልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች «ሙያውን ለምን መረጣችሁት?» እላቸዋለሁ። አንዱ «በቃ ነጥብ ነዋ» ይላል፤ ሌላዋ «ውጭ አገር ሥራ አለው ብለውኝ» ትላለች። ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን አይደለሁማ።

ልጄ ሜሮን ትምህርት ቤቷ ቅርብ ስለነበር፣ ከክፍል ስትወጣ እኛ ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ጎበዝ ናት፤ ውጤቷ ለሕክምና ይበቃ ነበር። የእኔን ቁጭት እሷ እንድትወጣልኝ ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ሲደርስ «እማ፣ ፊዚዮ ሞላሁ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደስታ ብጤ ተሰማኝ፤ የእናቷን ሙያ መረጠች አልኩ።

«እኔን አይተሽ ነው?»

«ማለቴ… ጋሽ ደረጀን ነው። ያ መካኒክ ዳዶውን የፈታ ቀን እዚያው ነበርኩ እኮ። እንደዛ ደስ የሚል ሥራ አይቼ አላውቅም።»

«እኔስ? በእኔ እጅ ስንቱ ቆሞ ሄዷል።»

«አውቃለሁ እማ። ግን አንቺ ቤት ስትገቢ፣ ሐኪም ሳልሆን ቀረሁ ከማለት ሌላ ሰምቼሽ አላውቅም።»

ታካሚዎቼን ሲወስድ ችዬው ነበር። ልጄን ሲጨምርበት ግን ቆሽቴ አረረ።

በማግስቱ ደረጀ «ሜሪ ምን ሞላች?» አለኝ።

«ፊዚዮ።»

«እሰይ። ያንቺን እጅ አይታ ነዋ» አለ ከልቡ።

«አዎ» አልኩት።

ዛሬ ሜሮን ተመርቃ ባምቢስ አካባቢ ትሠራለች። ደረጀም እውነቱን አያውቅም፤ ከፈለገች እሷ ትንገረው። ተማሪዎች ይህን ሙያ ወደውት ለምን ይመርጣሉ ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ በሥራው የሚደሰት ሰው አይተው ነው። የእኔ ልጅ ያየችው ሰው እኔ አይደለሁም።